ሻምበል ከዋንዛው ላይ አልወርድ አለ

ውዴ በቄ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ክረምቱ ወጥቶ የቡናው ለቀማ ሊያልቅ ነው። ብዙ ጊዜ ልጽፍልህ እየተነሳሁ እንባ ሲቀድመኝ ተውኩት። ዛሬ የጻፍኩልህ እንባው ስላለቀልኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። የተናደድኩትም በአንተ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ሚኒባስህን ታናሽ ወንድምህ በዋጫ መስመር ይሠራበታል፤ እንደ አንተ ግን ጠዋት ጠዋት አያጥበውም። የጓሮው እንሰት አጥሩን አልፏል። እህትህ እትዬ አስካለ በየቀኑ እየመጡ ያዩኛል። የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ ልልህ ነበር፤ አሁን ሻምበልም ጨመረበት።

በቀቀንህን ትረሳዋለህ ብዬ አላስብም። ሺሺንዳ አጠገብ ከተቆረጠ ዛፍ ሥር፣ ላባ እንኳ ሳያወጣ አንስተህ በኮትህ ኪስ ይዘኸው መጣህ። ደረቱን ነፍቶ መራመድ ሲጀምር ሻምበል አልከው። ሰዎች ክንፉን ቁረጠው ሲሉህ፣ ሰው የወዳጁን እጅ ይቆርጣል ወይ ብለህ አፋቸውን አስያዝካቸው። ይኸው ክንፉ! እንኳን ደስ ያለህ።

ሚኒባሱ ውስጥ ይዘኸው ስትሄድ የረዳትህን ጥሪ ለቀመ። ዋጫ ዋጫ ሺሺንዳ ይል ጀመር። ቀጥሎ የእኔን ስም ያዘ። ከሥራ ስትገባ ከበሩ ጀምረህ ጉሮሮህን ጠርገህ ተዋቡ ስትለኝ እየሰማ፣ ጉሮሮ መጥረግህን ሳይቀር ቀዳው። አንድ ቀን የመጣህ መስሎኝ እጄ ሳሙና እንደሆነ ሮጬ ስወጣ እሱ ነበር። አንተ ደግሞ ኋላ ስትሰማ እንባህ እስኪወርድ ሳቅህብኝ።

የለቅሶህ ለት ድንኳኑ በሰው ሞልቶ ሳለ ሻምበል ጉሮሮውን ጠርጎ ተዋቡ አለ። ሴቱ ሁሉ ጮኸ። እትዬ አስካለ ይሄ ነገር ደግ አይደለም ብለው ከነሽቦ ቤቱ ጓዳ አስገቡት። እኔ በዚያ ሰዓት ለመከራከር ምን አቅም ነበረኝ? ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ምግብ ይዤ በገባሁ ቁጥር ጥግ ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። አንተን አጥቶ ነው አልኩ፤ እኔም እንደዚያው ስለነበርኩ አልፈረድኩበትም።

ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ይሙቅ ብዬ በረንዳ ላይ አወጣሁትና አንተ ታደርግ እንደነበረው በሩን ከፈትኩለት። ገና እጄን ስዘረጋ ብርር ብሎ ከአጥሩ ማዶ ዋንዛው ጫፍ ላይ ወጣ። ጨርቅ የሚነግዱት የእትዬ ዘሀራ ግቢ ያለው ዋንዛ ነው።

ያላደረግኩት ምን አለ? ሙዝ ላጥኩ፣ ለውዝ በተንኩ፣ የሽቦ ቤቱን ራሴ ላይ ተሸክሜ እንደ ሞኝ ቆምኩ። መንደርተኛው ሁሉ የወፍ አዋቂ ሆነ። አንዱ መረብ ይላል፣ አንዱ ውሃ እርጪው ይላል፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ ቆመው ይስቃሉ። ሻምበል ከላይ ሆኖ ተሳፋሪ እንደጎደለው ሁሉ ዋጫ ዋጫ ይላል። ዕቃ የያዙ አንድ አባት ጥሪውን ሰምተው መጡና መኪናው የታለ ብለው ጠየቁኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው መልሶ አናደደኝ። ስሜን ግን አንዴም አልጠራም።

በቄ፣ እኔ እኮ ወፍ ብዬ አልነበረም የምንከራተተው። ስልክህ ውስጥ ፎቶ እንጂ ድምፅህ የለም፤ ልቅረጽህ ስልህ ትሸሽ ነበር። ስሜን በአንተ ድምፅ የሚጠራ በዚህ ዓለም ላይ እሱ ብቻ ቀርቷል። ጭልፊት ቢበላው ዳግመኛ ልቀብርህ ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ ለሌላው ሰው መውረዱ ነው። ከእትዬ ዘሀራ እጅ ሙዝ ይቀበላል፤ እኔ ብቅ ስል ሽቅብ ይሸሻል። ውለታ ቢስ ብዬ ሰደብኩት። እትዬ ዘሀራ ትክ ብለው አዩኝና፣ አንቺን አይደለም የሚፈራው፣ ከልሽን ነው፣ ጥቁሩ ነጠላ ሲውለበለብ አሞራ መስሎት ነው አሉኝ። ክው አልኩ። ለካ ጓዳ ውስጥም ሲንቀጠቀጥ የኖረው ከእኔ ነው!

ሙት ዓመትህ ገና ነው። ከዚያ በፊት ከል ማውለቅ ምን እንደሚያስብል አንተም ታውቃለህ፤ አፈሩ ሳይደርቅ አጌጠች ይሉኛል። የሰውስ ይሁን። እኔ ራሴ ያን ጥቁር ሳወልቅ አንተን የምጥልህ መሰለኝና እጄ አልታዘዝ አለ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ጭልፊት መጥቶ ዋንዛው ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ማሰብ ተውኩ። ሳጥኑን ከፍቼ ለጥምቀት የገዛህልኝን ቢጫ ቀሚስ ለበስኩ። ወገቡ ሰፍቶኛል። በር ላይ ከእትዬ አስካለ ጋር ተገጣጠምን። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ከኋላዬ ተከተሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጭልፊቱን በድንጋይ አባረርኩና ዋንዛው ሥር እጄን ዘረጋሁ። ሻምበል አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ወረደ፣ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተዋቡ አለኝ።

እትዬ አስካለ ሣሩ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። የቀብርህ ለት እንኳ እንዲህ አላለቀሱም። ትንሽ ሲረጋጉ የራሳቸውን ጥቁር ነጠላ ከትከሻቸው ገፈው ወፉ እንዳይበረግግ ከሥራቸው ሸሸጉት። እስቲ አንዴ ይድገመው ብለው ለመኑኝ።

አሁን በረንዳው ላይ ነው። ጣቴን ነክሶኛል። ንዴቴም ገና አልወጣልኝም፤ ለወፍ ያስተማርከውን ያህል ለእኔ ድምፅህን ብትተውልኝ ምን ነበረበት? ከሉን ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ አስቀምጬዋለሁ፤ ቤቴ ውስጥ አልለብሰውም። ሰው ረሳችው ካለ ይበል። እኔ ግን ቃሌን ልስጥህ፦ በሕይወት እስካለሁ፣ ስሜን በጠራህ ቁጥር አቤት እላለሁ።

የአንተው ተዋቡ
ቦንጋ