የማያድር ቅኔ

የኔታ አባቴ፣

ከተለዩን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ተማሪዎችዎ ሲጠሩዎት እየሰማን እኛ ልጆችዎም የኔታ ማለት ለምደን ቀረን፤ እናቴም ዛሬ ድረስ ስታነሣዎት የኔታ ነው የምትል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ከአርባዎ በኋላ ተማሪዎችዎ ሌላ የቅኔ መምህር ፍለጋ ተበተኑ፤ ግማሾቹ ወደ ስማዳ ተሻገሩ። ጎጆዎቻቸው ፈረሱ፤ እናቴ ቦታውን ነጭ ሽንኩርት ተከለችበት። ጥሩ በቅሏል። ቅኔ ይነግሩበት የነበረው ወይራ አለ፤ ከሥሩ አሁን ጥጃ ይታሰራል። ነገር ማሳመር ስለማይወዱ እንዳለ ጻፍሁልዎ።

እኔ አሁንም መካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምራለሁ። ለዘንድሮው ሙት ዓመትዎ ተማሪዎቼ በኅብረት የሚያዜሙት፣ ቼሎ ያለበት ድርሰት ጻፍሁ። ቼሎ በጉልበት መካከል ተይዞ በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ የክር መሣሪያ ነው፤ ድምፁ የጎልማሳ ወንድ ይመስላል። ጓደኛዬ ከባሕር ዳር ይዞት ሲመጣ የአውቶቡሱ ረዳት ከስንዴው ጆንያ ጋር ጣሪያ ላይ ካልጫንሁ ብሎት፣ እንደ ሕፃን አቅፎት ነው የደረሰ።

ቃሉ የእርስዎ ነበር። በመጨረሻው በዓል የተቀኟትን ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ከቀድሞ ተማሪዎ ከመሪጌታ ፈንታ አገኘኋት። መሪጌታ ልምምዱን ሊሰሙ መጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ዜማው ደግ እንደሆነ፣ ቅኔው ግን ያደረ እንደሆነ ነገሩኝ። የኔታ አንዴ የተቀኙትን ደግመው አንሥተው እንደማያውቁ፣ ልጃቸውም የራሷ ከሌላት ዝም ብትል እንደሚሻል አከሉ። ተናደድሁ። ከእርስዎ የቀረኝ እሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ግን እውነታቸውን ነው። የእሑዱን ቅኔ ሰኞ ስጠይቅዎ ሄዷል ብለው ወደ ሥራዎ ይመለሱ ነበር።

ስለዚህ የጻፍሁትን ቀደድሁት። በልጅነቴ ከወይራው ወዲያ ምስር እየለቀምሁ በጆሮዬ ያገኘሁትን ግእዝ ሰብስቤ የራሴን ጉባኤ ቃና ሞከርሁ። ሰሙ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ነው፣ ወርቁ ስለ እርስዎ። የተንጋደደውን መሪጌታ አቃኑልኝ።

ዜማውንም ለወጥሁት። ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ሲሰጡ ቃሉን ዝቅ አድርገው ለዜመኛው ይነግሩት፣ እሱም ተቀብሎ ከፍ አድርጎ ያዜመው ነበር። ፊት ቼሎው አጃቢ ብቻ ነበር፤ አሁን እሱ ዝቅ ብሎ ይነግራል፣ ልጆቹ ተቀብለው ያዜማሉ።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቀረበ። እናቴ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ ቼሎው ሲጀምር ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። ሲያልቅ በቼሎው የሚነግረው ማን እንደሆነ ማወቋን ብቻ ነገረችኝ። ያን ጊዜ በጣም ናፈቁኝ።

ሕዝቡ ይደገም አለ፤ አልደገምንም። ልጆቹ በስልክ ሊቀዱት ሲሉ አስቀድሜ ከልክያቸው ነበር። ወረቀቱን ሁሉ ከየእጃቸው ሰብስቤ ለእናቴ እሳት ማቀጣጠያ ሰጠኋት፤ ሽሮ ሠራችበት።

የኔታ፣ አልረሳዎትም። የዘንድሮው ሄዷል። ለሚመጣው ዓመት እስካሁን አንድ ቃል የለኝም፤ አዲስ ይዤ እመጣለሁ።

ልጅዎ