ከጀርባህ ያለው እጅህ

የሆዴ ፍሬ፣ እግርህ የረገጠው ሁሉ ይለምልምልህ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ወገቤ ተሽሎኛል፤ የኩሽናው ጣሪያም ማፍሰሱን ተወ።

አባትህ ግን ከመንግሥት ጋር ተኳርፏል። በንግድ ቤት ውስጥ ማጨስ ተከለከለና ማስታወቂያውን በራሱ እጅ ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። «በገዛ ሱቄ እንግዳ ሆንኩ!» እያለ ይነጫነጫል። ባለፈው የጡረተኛውን መምህር ግማሽ ፊት ላጭቶ የሲጋራ አምሮቱ አላስችል ሲለው ጥሏቸው ወጣ። እሳቸውም አረፋውን እንደተቀቡ፣ ፎጣው አንገታቸው ላይ እንዳለ ተከተሉት። ምሳውን ይዤ ስደርስ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አንድ ሲጋራ ይቀባበላሉ። ልቆጣ ብዬ ሳቄ አመለጠኝ።

ሕጉንስ ወድጄዋለሁ፤ ሳሉ ቀንሶለታል። ግን ምን ልዋሽህ፣ ኮቱን ሳጥፍ ያንን ሽታ ሳጣው መልሼ ዘርግቼ አሸተዋለሁ። «ታገቢኛለሽ?» ያለኝ ቀን የሸተተኝ እሱ ነበር።

የላክኸውን ፎቶ አይቼ አልጠገብኩም። አምሮብሃል። ቀኝ እጅህን ግን ከጀርባህ አድርገሃል። አባትህም እናቱ ድንገት ሲደርሱበት ልክ እንደዚያ ነበር የሚቆመው። አልቆጣህም፤ ትልቅ ሰው ነህ፣ በሳንባህ የምታዘው አንተ ነህ። ለአባትህም ትንፍሽ አላልኩም።

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ብቻ ሌላ ፎቶ ስትልክልኝ ሁለቱም እጆችህ ይታዩኝ። ሲጋራውን ይዘህም ቢሆን ግድ የለም፤ እጅህ ናፍቆኛል።

እናትህ