እማዬ በማርያም ዕለት የቀመሰችው

ናይሮቢ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣ ቄስ አረጋ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስድስት ወር የያዝሁትን ውሸት ለማረምና አንድ ነገር ለመለመን ነው። ሐምሌ 21 ቀን እማዬ እዚህ ሳትመረመር የቀረችው፣ እንደ ነገርሁዎ ማሽኑ ተበላሽቶ አልነበረም። ማሽኑ ደኅና ነበር።

ሥራዬን በስልክ ሳስረዳዎ፣ ቅንጣቶችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስወነጭፍ ማሽን እንዳለን ነግሬዎት ነበር። ቅንጣቶቹ ልዩ ውኃ ላይ ሲያርፉ ጨረር የሚያወጣ ፍሎሪን ይፈጠራል፤ እሱን ከስኳር ጋር አዋሕደን በደም ሥር እንሰጣለን። ካንሰር ስኳር ስለሚሻማ መድኃኒቱ ዕጢው ካለበት ይከማችና በምስል ይታያል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል።

«እንግዲያው አያድርም በይኝ» አሉኝ።

አያድርም፤ በየማለዳው አዲስ ይሠራል። የዚያን ዕለቱን የሠራሁት እኔ ነበርሁ።

ታማሚው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ መምጣት አለበት፤ ከበላ ምስሉ አይታመንም። ስለዚህ በር ላይ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ከማታ ጀምሮ ምንም አልበላሽም?»

«ለቄስ ሚስት ጾም ልታስተምሪ ነው? እህል ባፌ አልዞረም» ብላ ሳቀችብኝ።

የደሟ ስኳር ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ደግሜ ስጠይቃት የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። እርስዎ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሸኟት የቋጠሩላት የገነተ ማርያም ጸበል ጻዲቅ ነበር፤ የቀረው ፍርፋሪው ብቻ ነበር።

«ይኸማ የማርያም ነው። ዛሬ ሃያ አንድ አይደል? በረከትን ምግብ የሚለው ማነው?»

እቤታችን ጸበል ጻዲቅ «በላሁ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ «ቀመስሁ» እንኳ የሚባለው በስንት ጥንቃቄ ነው። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። የጠየቅኋት እንደ ሆስፒታል ሠራተኛ እንጂ እንደ እናንተ ልጅ አልነበረም።

መድኃኒቱ ጨረር በሚያግደው የእርሳስ ዕቃ ውስጥ እንዳለ ጊዜው አለፈበት። ቀጣዩ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለነበር «ፍልሰታን አገሬ ጾሜ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ጥቅምት ላይ ቀበርናት።

ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ለመወሰን ያን ምስል ይጠብቅ ነበር። ምስሉ ያድናት ነበር ብዬ አልጽፍም፤ አላውቅም። የማውቀው፣ ዳቦውን የቋጠረው እጅዎ መሆኑን ቢሰሙ በጸጸት ከቅዳሴ ይቀራሉ ብዬ ፈርቼ ማሽኑን መወንጀሌን ነው። በደሉ የእኔ ነው፤ እባክዎ ከእኔ አይውሰዱት።

ባለፈው ሳምንት ከሙጃ የመጡ አንዲት ወይዘሮ፣ እንደ እማዬ ጸበል ጻዲቅ ቀምሰው ሳለ፣ «ምንም አልቀመስሁም» ብለው ቀጠሯቸው አለፈ። ካርዳቸው ላይ አዲስ ቀጠሮ ጻፍሁ። ዝምታዬ እርስዎን ብቻ የሚነካ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሳቸውም ሳይነገራቸው ቀርቷል።

አሁን ለአገራችን ሕሙማን የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ጸበል ጻዲቅም ምርመራው እስኪያልቅ ይቆይ ብዬ እኔ ብጽፍ ድፍረት ይመስላቸዋል፤ ከካህን ቃል ግን ይቀበሉታል። ያን አንድ ዐረፍተ ነገር በራስዎ ቃል ይጻፉልኝ፤ ስምዎንም ከሥሩ ያኑሩ። ሊቆጡኝ ቢሹ በሌላ ወረቀት ይቆጡኝ፤ እሱንም አነበዋለሁ። መመሪያው የካቲት 1 ቀን ይታተማልና፣ በእህቴ በንጋት ስልክ ፎቶ አስነሥተው እስከ ጥር 28 ቀን እንዲልኩልኝ እለምንዎታለሁ።

ልጅዎ ጽጌማርያም