ጣራዋ ለሚከፈት መኪናዬ ሰሌዳ ስለ መከልከሉ

ግንቦት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.፣ ሮቤ

ለተከበሩ የጎባ ተሽከርካሪ መርማሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የባሌ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ የቢሮዎም ወንበር ሁልጊዜ እንዲሞቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኢታና ባዳሳ፣ የሮቤው ልብስ ሰፊ፣ በእግዚአብሔር ቸርነትና በእርስዎ ፈቃድ ደኅና ነኝ።

፩ኛ. ያቺን ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መንገድ ቀያሽ ስገዛት ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉባት ነበረች። የእጮኛዬ የሰንበቴ አባት ልጄ ከጎባ በዶሮ ቤት አትወጣም ቢሉኝ፣ ጣራዋን ከፍቼ፣ በገዛ ሞተሯ እየነዳሁ፣ አገር እያየ እንደምወስዳት ቃል ገባሁላቸው። መካኒኩ ዲኖ ሞተሩን ፈታትቶ አጥቦ ነፍስ ዘራበት። ጣራውን እኔው ራሴ ከድንኳን ሸራ ሰፋሁት፤ እንደዚያ የኮራሁበት ስፌት የለኝም። ሞተሩ የተነሣ ዕለት ከዲኖ ጋር ተቃቅፈን ጨፈርን።

፪ኛ. ሸራው ዝናብ ይችል እንደሆነ ለማወቅ በጃንጥላዎ ጫፍ ወግተው፣ በቀዳዳው ውኃ ሲገባ ያፈስሳል ብለው መፍረድዎ የምርመራዎን ጥልቀት አሳይቶኛል። ቀጥሎም ጣራው አንዴ አለ፣ አንዴ የለም፤ ይህ መኪና ሳይሆን ጋሪ ነው በማለት ሰሌዳ ከልክለው ወደ ማዘጋጃ ቤት መሩኝ። ማዘጋጃ ቤቱም ጋሪ ከሆነ ፈረሱ የታለ አለኝ። ሁለት መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ሲደጋገፉ በማየቴ ዕድለኛ ነኝ።

፫ኛ. ይህ እንኳ አቤቱታ ሳይሆን የታዛዥነቴ ምስክር ነው። በሠርጌ ዕለት ሙሽራ ሊያጅቡ ከመጡት ፈረሰኞች አንዱ የተሸለመ ፈረሱን አውሶኝ ከመኪናዬ ፊት አሰርነው። ሞተሩን አጥፍቼ፣ መሪውን ጨብጬ፣ ሰንበቴን ከጎኔ አስቀምጬ እየተጎተትኩ ከጎባ ወጣሁ። አማቼ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኔ ግን ቃሌን አጥፌያለሁና አፈርኩ፣ ተናደድኩም።

ደግነቱ ሮቤ ሳንደርስ እርስዎን አገኘን። የመሥሪያ ቤትዎን መኪና ጭቃ ይዟት ከመንገድ ዳር ቆመው ስለነበር፣ አሳዝነውን ከኋላችን በተጣጠፈው ሸራ ላይ አስቀመጥንዎ። ጥቂት እንደሄድን ፈረሱ ዘገየብኝ፣ ስብሰባ አለብኝ፣ ፍታውና ሞተሩን አስነሣ ብለው ያዘዙኝም እርስዎ ነዎት። ትእዛዝዎን በታላቅ ደስታ ፈጸምኩ። ሰንበቴ እልል አለች፤ ፈረሰኞቹ ሊደርሱብን ቢጋልቡም ቀደምናቸው። ቃሌን ያስጠበቁልኝ እርስዎ ስለሆኑ ውለታዎ ከልቤ አይጠፋም።

በማግስቱ ሰሌዳውን ልወስድ ብመጣ ግን አላወቁኝም፤ ጋሪህን ወደ ማዘጋጃ ቤት ውሰድ ብለው መለሱኝ። የሥራ ብዛት ሰውን እንደሚያስረሳ ስለማውቅ አልቀየምኩም።

ለጤናዎም ለማስታወስ ችሎታዎም እየጸለይኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ ታዛዥዎ፣

ኢታና ባዳሳ፣ ልብስ ሰፊና ባለ ጋሪ

በድጋሚ፦ ሮቤ ስንገባ ያነሣን ፎቶግራፍ አንሺ ሥዕላችንን አሳድጎ በሱቁ መስኮት ሰቅሎታል። ከፊት እኔና ሰንበቴ፣ ከኋላችን ደግሞ አንድ የተከበሩ ሰው ድዳቸው እስኪታይ እየሳቁ በግልጽ ይታያሉ፤ ፈረስ ግን የለም። ገበያተኛው ሁሉ እኒህ ሰው ማን ናቸው እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም ሰሌዳዬ በቶሎ ይደርሰኛል በሚል ተስፋ ለጊዜው አላውቃቸውም እያልኩ ነው።