ወተቱን ቦሩ ያምጣው

ልጄ ኤቢሴ፣ የአሠሪዎችሽን ልብ ዋቃ ያራራልሽ፤ ደህና ነሽ ወይ? እኛ ሱሉልታ ከብርዱ በቀር ደህና ነን።

የወንድምሽ የቦሩና የፌኔት ፍቺ አለቀ። ልጃቸው ከእናቱ ጋር ይኖራል። ዳኛዋ ስለ ልጁ ቀለብ ሲጠይቁ ቦሩ፣ «ደመወዝ የለኝም፤ ያሉኝ ላሞች ናቸው» አለ። ፌኔት ምን ብትል ጥሩ ነው? «እንግዲያው ጠዋት ጠዋት ራሱ ወተት ያምጣለት።» ተስማሙ፤ ዳኛዋም አጸደቁት።

ትናንት ቦሩን እንቅልፍ ቢጥለው ወተቱን እኔ ወሰድኩ። ፌኔት ጉንጬን ስማ ከነወተቱ መለሰችኝ። «እማዬ፣ ወተትማ ሱቅም አለ። አባቱ ይምጣለት» አለችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ከቤቴ በመውጣቷ አንጀቴ ቢያርም ኮራሁባት። ዛሬ ቦሩ ገና ሳይነጋ ተነሳ።

እመብርሃን ከክፉ ትሰውርሽ። እባክሽ ለፌኔት ደውይላት፤ ዛሬም ምራቴ ናት።

እናትሽ ገለቴ