ያለ ማዕረግ የጠራሁት ስም

ለተከበሩ የመምሪያ ኃላፊያችን ባለቤት፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የቶያማ ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯልና ቤተሰቡ ሁሉ ደኅና ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ስሜን አያውቁትም፤ ድምፄን ግን ያውቁታል። ወደ መሥሪያ ቤታችን ሲደውሉ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር የሠራሁትን ስሕተት እንዳልረሱትም አውቃለሁ።

እንደ ጃፓን መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ የውጭ ሰው ሲደውል በአለቃችን ስም ላይ ማዕረግ አንጨምርም፤ ኩራሞቺ ወጥቷል እንላለን። ቤተሰብ ሲደውል ግን የመምሪያ ኃላፊው ወጥተዋል ነው የሚባለው። ይህን ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው እኔው ነኝ፤ እዚህ ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና፣ የማላውቀው ሰው ሲደውል ደስ ይለኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ ስማቸውን ብቻውን የምጠራበት ሌላ ጊዜ አልነበረኝም።

ያን ዕለት እርስዎ መሆንዎን እየሰማሁ አፌን አዳለጠኝ። ኩራሞቺ ገና አልተመለሰም አልኩ። እርስዎም፣ ባለቤቴን ሁልጊዜ ስለሚንከባከቡልኝ አመሰግናለሁ ብለው ዘጉት። ማንም የሚለው የአክብሮት ቃል ነው፤ እኔን ግን እንደ ጥፊ አቃጠለኝ።

በሦስተኛው ቀን እሳቸው ስብሰባ ላይ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ብጠይቅ ብጠይቅ፣ ሕክምና ላይ ናቸው፣ የቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ነው ይሉኛል። ሆስፒታልም ሄጄ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ምንዎ ናቸው ብትለኝ፣ የመምሪያ ኃላፊዬ አልኩ። ቤተሰብ ካልሆኑ አይገቡም ብላ መለሰችኝ። ትናንት ደግሞ ማዕረጋቸው ለባልደረባችን ለኒሽዋኪ ተሰጠ። ኒሽዋኪ፣ እኔም ሳልሞት ሹመት አየሁ ብሎ ሲቀልድ ቢሮው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከእንግዲህ የመምሪያ ኃላፊውን አገናኚኝ የሚለኝ ሁሉ የሚፈልገው ኒሽዋኪን ነው።

እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ አንድ ጊዜ ይደውሉልኝ። በሕይወት መኖራቸውን ብቻ ይንገሩኝ። ቢሰድቡኝም ግድ የለኝም። በማግስቱ ሥራውን እለቃለሁ፤ ድምፄን ዳግም አይሰሙትም። ሲደውሉም ስማቸውን በማዕረግ ነው የምጠራው፣ ሁለተኛ አልሳሳትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎ። ብርድ ሲገባበት ግራ እግሩን ይቆረጥመዋል። ካልሲ አይበቃውም። ቁርጭምጭሚቱን በመዳፍዎ ይዘው ያሙቁለት፤ ያኔ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ለእርስዎ ብርታቱን፣ ለእሱም ጤናውን ይስጥልኝ።

ስልክ አንሺዋ