የመጨረሻው ገጽ አይታረምም

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣት ከብዶህ ምድር ቤት ተከራየህ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ዕድሜ ልኩን በብዕሩ ሰማይ ለሰማይ ሲዞር የኖረ ሰው በስተርጅና ምድር ቤት መውረዱ ግን ትንሽ አሳቀኝ። እኛ ደህና ነን። እናታችንም ደህና ናት። ዓይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋ ከአንተም ከእኔም ይሻላል፤ የጎረቤት የስፌት መኪና ሲንቋቋ ከአልጋዋ ሆና "ዘይት አጥቷል በሏቸው" ትላለች።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አሳታሚው የመጀመሪያውን መጽሐፍህን እንደገና ሊያትመው መሆኑን ሳነብ እዚሁ ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሰውዬ "እንኳን ደስ አለሽ፣ ማን አገባ?" አለኝ። ወንድሜ በድጋሚ ጠፈር ሊወጣ ነው አልኩት። ገንዘቡን ከፍሎ ቶሎ ወጣ።

ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን እልልታዬን አቋረጥኩ። የእጅ ጽሑፍህን አሮጌ ሻንጣ ውስጥ አገኘኸው። በመጨረሻው ገጽ አንተ "አባባ" ብለህ የጻፍከው፣ መጽሐፉ ላይ "እማማ" ተብሎ ታትሟል። "የታይፒስቷ ስህተት ነው፤ ያልሠራሁበትን ምስጋና አልወስድም፤ ይታረም፣ በመቅድሙም ይገለጽ" አልክና ማረሚያውን እኔው እንድተይበው ላክህልኝ። አይ ወንድም ጋሼ! ታይፒስቷ ማን እንደነበረች ረሳኸው እንዴ?

በአንተ አልፈርድም። መጽሐፉ ሲወጣ ለሥራ ሩቅ ነበርክ። ስትመለስ ሰው ሁሉ ስለዚያ ገጽ ያወራል፤ ሰው ሲያመሰግን ደግሞ "ቆይ፣ በምን ምክንያት?" ተብሎ አይጠየቅም።

እንደ እህት ከመጣላቴ በፊት እንደ አንባቢ ልናገር። ከአንተ በፊት በቋንቋችን ልቦለድ ጽፎ ከዋክብት መሃል የገባ ሰው አላውቅም። ጓደኞችህ "ቧንቧ ጠጋኝ ብሎ ጀግና!" እያሉ ሲስቁብህ እዚያው ነበርኩ። እውነታቸውን ነው፤ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ በመንኮራኩር ውስጥ ውሃ የሚያፈስ ቀዳዳ ፍለጋ! ጦርነት የለ፣ ጭራቅ የለ። ሰባት ሰዎችና አንድ የሚያንጠባጥብ ታንከር ብቻ፤ እነሱም ሳህን የማጠብ ተራው የማን ነው እያሉ ይነታረካሉ። እኔ ግን አመንኩህ። ሰው የትም ቢወጣ ሳህን ይቆሽሻል። ሁለተኛውንም እወደዋለሁ፤ ሁሉን አውቃለሁ በሚል ማሽን ላይ ልጆች የሚያኮርፉበትን። ሦስተኛው፣ እውነቱን ልንገርህና፣ ወሬ ይበዛዋል።

ከሁሉም የምወደው ግን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሰው፣ ጥገናን ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ስማቸውን ትተው በሥራቸው የሚጠሯቸውን አዛውንት። ትልቅ ሰው ናቸውና ከዳር እስከ ዳር በአንቱታ ጻፍካቸው፦ ጥገና መጡ፣ ጥገና ፈቱ፣ ጥገና ተቆጡ። አንቱታ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። አንባቢው በገዛ እጁ ጢም አበቀለላቸው። በመጨረሻው ገጽ፣ መንገድ ላይ የተወለደችው ሕፃን አፏን ስትፈታ "እማማ" ብላ ስትጠራቸው ያ ሁሉ ሰው ክው አለ፤ መጽሐፉን ከአንደኛው ገጽ እንደገና ጀመረው። ባለፈው ወር እንኳ ማመልከቻ ልታስጽፍ የመጣች የሊፍት ጠጋኝ መጽሐፉን መደርደሪያዬ ላይ አይታ ያንን ገጽ በቃሏ አለችልኝ። እንባዋ መጥቶ ነበር።

እንግዲህ ጉዱን ስማ። ስህተት አልነበረም። ጽሕፈትህ ከሐኪም ማዘዣ ባይሻልም "አባባ" የምትለዋን ቃል አጥርተህ ነው የጻፍካት፤ አጥርቼም አንብቤያታለሁ።

ያን ጊዜ ከቢሮ ስወጣ እቤት ቁጭ ብዬ ነበር የምተይብልህ። እናታችን ከስፌት ቤቱ የተበላሹ የስፌት መኪናዎችን እያመጣች አጠገቤ ትጠግናለች። ማንበብ ስለማትችል እየተየብኩ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ጥገና ብሎኖቹን በከንፈራቸው ይዘው ሲሠሩ ስትሰማ፣ እሷም ብሎኖቿን በከንፈሯ እንደያዘች ቀና አለች። እምቢ ያለውን ሞተር "ተው እንጂ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ" ብለው ሲለምኑት ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አንተ ከምናቤ ያወጣኋቸው ናቸው ትላለህ። እስቲ ሞተር የሚለምን ሌላ ሰው የት አየህ? ከዚያ በኋላ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ "ዛሬስ ጥገና ምን ገጠማቸው?" ትለኝ ጀመር። ስፌት ቤት የሚያመናጭቋትን አለቃ እንኳ "ቀስ ብለው ይናገሩኝ" አለቻቸው አሉ።

የመጨረሻውን ገጽ የደረስን ዕለት፣ እንደጻፍከው "አባባ" ብዬ አነበብኩ። ካቻቢቴዋን አስቀመጠች። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣችና "ውይ፣ እኔን መስሎኝ ነበር" አለች። አንገቷን ደፍታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔም ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናዬ መንጭቄ አወጣሁና አዲስ ከተትኩ። "ቆይ እማዬ፣ ተሳስቼ ነው ያነበብኩት" አልኳት።

ስለዚህ ማረሚያውን አልተይብም። አሳታሚው ቢሮ ሌላ ታይፒስት ሞልቷል ትለኝ ይሆናል፤ ይሙላ። አልጸጸትም፣ ይቅርታም አልጠይቅም። ውሸት ሆኖ ከከበደህ ግን መፍትሔው ቀላል ነው። አዲሱ እትም ሲወጣ እንደገና እንዲነበብላት ጠይቃለች፤ በየቀኑ "ደረሰ?" ትለኛለች። የአሁኑ አንባቢ ግን አንተ ነህ። አልጋዋ አጠገብ ወንበር አድርጌልሃለሁ። የእጅ ጽሑፍህንም ይዘህ ና። እስከ መጨረሻው ገጽ አንብብላት፤ እዚያ ስትደርስ ፊቷን እያየህ ከሁለቱ ቃላት የፈለግኸውን በላት።

ጉልበትህን ያበርታልህ፣ ብዕርህን አያንጥፈው፣ በሰላም ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ